ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? ለአዘና መንገድ የሚሆን ሞተር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ያልፋል። እዚያ ላይ ደህና ጎማ ያለው መኪና ሁሉ ይሄዳል። ፈተናው የሚጀምረው ከጎዳናው ወጥቶ ወደ አዘና ከተማ፣ ከአዘናም ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲዘለቅ ነው። ክረምት ሲገባ ቀዩ አፈር ያንሸራትታል፤ ከደጋው ወደ አየሁ ቆላ ሲወረድ ቁልቁለቱ ፍሬን ያግላል፤ ሲመለሱ ደግሞ ጭነት የያዘ መኪና ዳገቱ ላይ ያቃስታል። በዚህ መንገድ ወላድ የሚያመላልስ አምቡላንስም፣ እህልና ማዳበሪያ የሚጭን ፒክአፕም ይሠራል። መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀውም የናፍጣ ይሁን የቤንዚን የሚለውን ነው።

የሁለቱ ልዩነት ከአነዳደዳቸው ይነሣል። የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ አንድ ላይ ይጨምቅና በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ አይፈልግም። አየሩን ብቻውን ከ15 እስከ 22 እጥፍ ይጨምቀዋል፤ አየሩ በመጨመቁ ብቻ ይግላል፤ ያን ጊዜ ፖምፓው የገፋው ናፍጣ በኖዝል ሲረጭበት በራሱ ይነዳል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ይህን እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ ሠርቶ አሳየ። ያን ሁሉ ግፊት መቻል ስላለበት የናፍጣ ሞተር ወፍራምና ከባድ ሆኖ ይሠራል። ዕድሜው የሚረዝመውም፣ ዋጋው የሚወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከአሥር በመቶ በላይ የሚበልጥ ኃይል ይዟል፤ ሞተሩም ያንን ከቤንዚኑ ባነሰ ብክነት ይጠቀምበታል።

ብዙ ሰው ናፍጣ የሚመረጠው ጉልበቱ ስለሚበልጥ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች አገር ምድሩን ያዳረሱበትን የቶዮታ ላንድ ክሩዘር እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተገጠመለት ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው፣ ከፍተኛ የመጎተት ጉልበቱ 285 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ለዚሁ መኪና የተሠራው ባለ 4.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር ከ350 በላይ ይሰጣል። ነገር ግን የናፍጣው ጉልበት በደቂቃ በ2,200 ዙር አካባቢ ሲገኝ፣ ቤንዚኑ 3,200 ዙር ድረስ መጮህ አለበት። ጭቃና ድንጋይ ላይ የሚፈለገው በዝግታ፣ ጎማውን ሳያሽከረክሩ መውጣት ነው። ጎማው አንዴ በከንቱ ከዞረ መኪናው እየቆፈረ ይሰምጣል። ቤንዚኑ በዚያ ላይ በላተኛ ነው፤ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ባለቤት ማደያ ሲደርስ ያውቀዋል።

ከፍታን አለመርሳት ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ናፍጣም ሆነ ቤንዚን፣ ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነውን ያጣል። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን አብዛኛውን ይሞላል። ታዲያ ቱርቦ ያለውን አዲስ ናፍጣ መግዛት አይሻልም? በወረቀት ይሻላል። አዘና ላይ ግን እኔ አልመክርም።

ምክንያቱ ነዳጁ ነው። ዘመናዊው የናፍጣ ሞተር በኮምፒውተር እየታዘዘ ነዳጁን ከ1,600 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ እጅግ በቀጠነ ቀዳዳ ይረጫል። በርሜልና ጀሪካን ውስጥ የከረመ ናፍጣ ውኃና ደለል ይዞ ይመጣል፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትም ያጋጥማል። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ስለሆነ፣ ነጭ ጋዝ ሲገባበት ብረት ብረትን ይበላዋል። አሮጌው ዋን ኤች ዜድ በዚህ ይጎዳል እንጂ ቶሎ አይሞትም። ፖምፓውም የሚጠገን ነው፤ የወፍጮ ሞተርና የአይሱዙ ፖምፓ ሲፈታ ሲገጥም የኖረ መካኒክ አይቸገርበትም። ኮምፒውተሩ ስህተት ሲያሳይ ግን መኪናው ተጎትቶ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መሄዱ ነው። አምቡላንስ ከሆነ ደግሞ የዚያን ወር ወላዶች ማን ያመጣቸዋል?

ወንዝ ላይም የጥንቱ ናፍጣ ብልጫ አለው። ዱራን የመሰለ ወንዝ ሲሻገሩ ውኃ ካንዴላና ቦቢና ላይ ከተረጨ የድሮ ቤንዚን መኪና መሀል ላይ ይጠፋል። የናፍጣው ብልጭታ ስለሌለው ይቀጥላል። ይህ ግን ድፍረት አይስጥ፤ ውኃ በአየር ማስገቢያው ከገባ የሚጨመቅ ነገር አይደለምና የፒስቶኑን ክንድ ያጣምመዋል። የናፍጣ ሞተር አጨማመቁ ከባድ ስለሆነ ጉዳቱም በእሱ ይብሳል።

ቤንዚን የራሱ ቦታ አለው። ብቻውን ወይም ከአንድ ባልደረባ ጋር ለሥራ የሚመላለስ ሰው፣ ጭነት ከሌለበት፣ እንደ ሱዙኪ ጂምኒ ያለች ትንሽ ባለ አራት ጎማ ነጂ ትበቃዋለች። ክብደቷ 1,100 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከትልቁ ላንድ ክሩዘር ግማሽ ያህል። ጭቃ ላይ ቅለት ራሱ ጉልበት ነው። በብርድ ጠዋት ቶሎ ትነሣለች፤ ካንዴላ መቀየርም ለማንም አይከብድም። የባጃጁና የሞተር ሳይክሉ ነዳጅም ያው ቤንዚን ነው፤ እጥረት ሲመጣ ግን ከእነሱ ጋር መሰለፍ አለ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ለግለሰብ ገዢ የሚቀረው በአብዛኛው እዚሁ ያለው አሮጌ መኪና ነው። ስለዚህ ከሞተሩ ዓይነት ይልቅ የሞተሩ ጤንነት ሊያሳስብ ይገባል። በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሄደው ያስነሡት፤ ሻጩ አስቀድሞ ካሞቀው ሌላ ቀን ይመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ይናገራል። የማያባራ ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደሩ የገባ ውኃ ነው። ጥቁሩ ነዳጁ ከአየሩ መብዛቱን ያሳያል፤ በደጋ ትንሽ ጥቁር ጭስ የተለመደ ስለሆነ በእሱ ብቻ አይፍረዱ።

ፍርዴ ይህ ነው፦ አዘና ላይ ሰውና ጭነት ይዞ ክረምት ከበጋ ለሚሠራ፣ ኮምፒውተር የሌለበት ጤነኛ ናፍጣ። ቀላል ጉዞ ላለው ትንሽ ቤንዚን። ናፍጣ የገዛ ሰው ከነዳጅ ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ አዘውትሮ ያፍስስ። ቤንዚን የገዛ ደግሞ አንድ ነገር ይስማኝ፦ ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ የሚቀጣጠል ተን አይሰጥም፤ ቤንዚን ግን በብርድም ይተናል፤ ተኑም መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ካለ ምድጃ እሳት ይስባል። እጥረት ቢያስፈራዎትም እንኳ ቤንዚን በጀሪካን ሞልተው ልጆች በሚተኙበት ቤት አያስቀምጡ።