አጥሩ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው እንሽላሊት



ባለፈው ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት ልጆቹ አጥሩ ጋ ተሰብስበው ሲንጫጩ ሄጄ ባይ፣ አንዲት ትንሽ እንሽላሊት ፀሐይ እየሞቀች ነው። አንዱ ልጅ ድንጋይ ይዟል። "ምን አደረገችህ?" ስለው "መርዝ አላት አሉኝ" አለ። በአማርኛ ማን እንደምትባል ግን አያውቅም። ስሟን ሳናስተምረው ፍርሃታችንን አስተምረነዋል ማለት ነው። እኔም ያደግኩት ያንኑ እየሰማሁ ስለሆነ፣ ቤት ገብቼ አነበብኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

እዚህ ካሊፎርኒያ በየአጥሩና በየድንጋዩ ላይ የምናያት ይህች እንሽላሊት ዌስተርን ፌንስ ሊዛርድ ትባላለች። መርዝ የላትም። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ ብትለካ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብትደርስ ነው። ጉንዳን፣ ሸረሪትና ጥንዚዛ ትበላለች። ድመት ወይም ወፍ ጅራቷን ከያዘቻት በጥሳ ትታላት ታመልጣለች፤ ጅራቱም ቆይቶ ይበቅላል። ሴቷ እንቁላሏን አፈር ውስጥ ትቀብራለች፤ ጫጩቶቹ በነሐሴ አካባቢ ይፈለፈላሉ።

ወንዱ ሆዱ ግራና ቀኝ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ሌላ ወንድ ሲመጣበት በፊት እግሮቹ ከፍ ዝቅ እያለ ሰማያዊውን ያሳየዋል። ልጆቻችሁ "ፑሽ አፕ ይሠራል" የሚሉት ይህንን ነው፤ "ይሄ የኔ ሰፈር ነው" ማለቱ ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ ደሟ ነው። መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ ሳትሰሙ አትቀሩም። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህች እንሽላሊት ደም ውስጥ የበሽታውን ባክቴሪያ የሚገድል ነገር አለ። ባክቴሪያ ያለበት ትንሽ መዥገር ደሟን ሲመጥ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ይሞታል። ይህ ማለት ግን መዥገር አያሰጋም ማለት አይደለም፤ ጫካ ውላችሁ ስትመለሱ የልጆቹን ፀጉር፣ ከጆሮ ጀርባና ብብት ማየት አትርሱ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ለእናንተም ጭምር ነው። ከልጃችሁ ጋር ወጣ በሉና እንሽላሊት ፈልጉ። ሳትነኳት ራቅ ብላችሁ እዩ፤ "ምን ትበላለች? ሆዷ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" እያላችሁ በአማርኛ አውሩ። እንሽላሊት፣ ጅራት፣ ቅርፊት፣ ጥንዚዛ፣ መዥገር፤ እነዚህን አምስት ቃላት ቅዳሜ እንጠይቃቸዋለን።

ያ ልጅ ድንጋዩን ጥሎታል። "እንሽላሊት" ለማለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ተሳክቶለታል። እቤት ሲላችሁ እናንተም አብራችሁት በሉ።