የሱቅ መብራት ሽቦ ሲቀየር ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም

በኦሞ ወንዝ ዳር፣ በኬንያ ድንበር አቅራቢያ በምትገኘው ኦሞራቴ ሱቅ ወይም መጋዘን የሚገዛ ነጋዴ ከዋጋው ድርድር በፊት የመብራቱን መስመር ቢያስመረምር ይበጀዋል፡፡ የቆላው ሙቀት የሽቦ ልባስ ያደርቃል፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. እንደታየው የኦሞ ሙላትም ያሰጋል፡፡ ውሃ የገባበት መስመር ደርቆ ቢታይም አይታመንም፡፡

ማጥፊያው ቢጫንም ፌዙ እስከ ማጥፊያው ድረስ እንዳለ ነው፡፡ ስለዚህ ባለሙያው ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ሣጥኑን ይቆልፋል፤ ጄኔሬተር ካለም ይለያል፡፡ ቴስተሩን ኃይል ባለው መስመር ሞክሮ የሚቀየረውን ይለካል፤ ቴስተሩንም መልሶ ይፈትሻል፡፡

ለ220 ቮልት መብራት የተለመደው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና ባለ 10 አምፔር ብሬከር ነው፡፡ ሽቦውን ሳይቀይሩ ብሬከሩን ማሳደግ እሳት መጥራት ነው፡፡ የግማሽ ቀን ሽያጭ ይካካሳል፤ ሕይወት ግን አይካካስም፡፡