ያውቁ ኖሯል? ደም ዳገት የሚወጣው በባትዎ ጉልበት ነው!

ይህን ቆመው እያነበቡ ነው? እንግዲያው ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ከላይኛው አካልዎ ወደ እግርዎ ወርዷል! ያ ሁሉ ደም ደግሞ ሽቅብ መመለስ አለበት፤ ከቁርጭምጭሚት እስከ ልብ፣ ከአንድ ሜትር በላይ ቀጥ ያለ ዳገት!

ዳገቱን የሚያስወጣው ልብ ብቻ እንዳይመስልዎት። ባትዎ ነው! በተራመዱ ቁጥር የባት ጡንቻ በውስጡ ያሉትን ደም መልስ ሥሮች ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ሐኪሞች «ሁለተኛው ልብ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል፤ ይገባዋል! ውስጥ እግርዎም ሥራ አይፈታም፤ መሬት በረገጡ ቁጥር እዚያ ያለው የሥሮች መረብ ተጨምቆ ደሙን ለባት ያቀብላል።

ዝም ብለው ሲቆሙ በቁርጭምጭሚትዎ ደም መልስ ሥር ያለው ግፊት ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። ጥቂት ይራመዱ፤ ወደ 30 ይወርዳል! ጋደም ይበሉ፤ 10 ገደማ ብቻ! ያለ ክኒን፣ ያለ መርፌ!

ቀኑን ሙሉ ሲራመድ ከዋለው ሰው ይልቅ በአንድ ቦታ ቆሞ የዋለው ፀጉር አስተካካይ እግሩ ይበልጥ ሊዝል ይችላል! መምህሩም፣ ትራፊክ ፖሊሱም፣ ምድጃ ሥር የምትውለው ወጥ ሠሪም እንዲሁ።

ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው የሚያድሩትን ካህናትና ደባትር ያስቡ! መቋሚያው ክብደት ይጋራል፤ ሽብሸባው ደግሞ ባትን ያሠራል። በወረቡ እየተወዛወዙ አንዱን እግር ረግጠው ሌላውን ባነሱ ቁጥር ደም ሽቅብ ይወጣል! ይህን ባሰብኩ ቁጥር መደነቄ አይቀርም።

ንቅንቅ የማይሉት የክብር ዘብ ወታደሮች ግን አንዳንዴ በሰልፉ መሐል ተዝለፍልፈው ይወድቃሉ! ደሙ እግር ውስጥ ተጠራቅሞ አንጎል ሲጎድልበት ነው። የሚገርመው፣ መውደቁ ራሱ ፈውስ ነው፤ ሰውየው ሲጋደም ደሙ ወደ ጭንቅላቱ ይመለሳል! ስለዚህ ራሱን የሳተ ሰው ሲያዩ ጎትተው አያቁሙት፤ እንደተኛ እግሩን ከፍ ያድርጉለት!

በእግርዎ ሥሮች ውስጥ ወደ ልብ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ስስ በሮች አሉ! የፓዱዋው መምህር ፋብሪሲየስ እ.ኤ.አ. በ1603 ስለ በሮቹ መጽሐፍ አሳተመ፤ እውነተኛ ሥራቸውን ግን አልደረሰበትም። የደረሰበት ተማሪው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቬይ ነው! በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ የሰው ክንድ አስሮ፣ ሥሩን በጣት እየተጫነ፣ ደሙ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚሄድ አሳየ። ጣትና ማሰሪያ ብቻ!

በሮቹ ሲላሉስ? ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፣ ሥሩ ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ከቆዳው በላይ ያብጣል። ቫሪኮስ ቬን ማለት ይኸው ነው! ማታ ማታ እግር መክበድ፣ ካልሲ በቁርጭምጭሚት ላይ ጥልቅ ምልክት መተው፣ ሌሊት ባት መሸማቀቅ፦ ብዙ ጊዜ አጀማመሩ እንዲህ ነው። ጫማ ሲገዙ ወደ ማታ ቢሄዱ ይሻላል፤ የጠዋቱ እግርና የማታው እግር ልክ ይለያያል!

አቴንስ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ ድንጋይ አለ፤ አንድ ሰው ግዙፍ እግር አቅፎ ይታያል፣ በእግሩ ላይ ያበጠው ሥር ቁልጭ ብሎ! ለፈዋሹ አሚኖስ የቀረበ ስለት ነው።

ሮማዊው የጦር መሪ ጋይዩስ ማሪዩስ ሳይታሰርና ሳያቃስት ያበጡ ሥሮቹን በቢላዋ አስወጣ! ሐኪሙ ወደ ሁለተኛው እግር ሲዞር ግን አሻፈረኝ አለ፤ ፈውሱ ስቃዩን አያክልም ብሎ።

ነፍሰ ጡር ሴት የደሟ መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል! በእርግዝና ጊዜ ደም የሚረጋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በግራ እግር ነው። ለምን በግራ? ወደ ቀኝ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ ሥር የግራውን ደም መልስ ሥር ተሻግሮ ስለሚጫነው!

የቀጭኔ የደም ግፊት የሰውን እጥፍ ያህላል፤ እግሯ ግን አያብጥም! ቆዳዋ እንደ ጠባብ ካልሲ ጥብቅ አድርጎ ይዞታል።

ጠፈርተኞች ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማቸዋል! ስበት በማይሰማበት ደሙና ፈሳሹ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ፊታቸው ያብጣል፣ እግራቸው ይቀጥናል።

ለደከመ እግር የሚታዘዘው፣ ከታች አጥብቆ ወደ ላይ የሚላላው ካልሲ የተወለደው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው! በአሜሪካዋ ኦሃዮ ይኖር የነበረው መሐንዲስ ኮንራድ ጆብስት የእግር ሥር ሕመምተኛ ነበር። ገንዳ ውስጥ ሲቆም እግሩን ቀለለው። ውኃ ከታች አጥብቆ፣ ወደ ላይ እየላላ እንደሚጫን ልብ አለ፤ ያንኑ በጨርቅ ሠራው!

እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ በመጠለያ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያደሩ ሰዎች በድንገት ይሞቱ ነበር! ቦምብ ሳይነካቸው! እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ተጉዞ ነው። ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ የአውሮፕላንም ሆነ የአውቶቡስ ጉዞ ይህንኑ አደጋ ከፍ ያደርጋል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚበሩ ከሆነ ተረከዝዎን ያንሱ፣ ያውርዱ፣ በመተላለፊያው ይንሸራሸሩ!

አንዱ እግርዎ ብቻ በድንገት አብጦ ከሞቀና ካመመ ግን እንዳያሹት፣ ለወጌሻም እንዳይሰጡት! የረጋው ደም ሊነቀል ይችላል። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ትንፋሽ ካጠረዎት በዚያችው ደቂቃ!

ያበጠ እግር ሁሉ የደም ሥር ችግር አይደለም! በደጋው አገራችን ብዙዎችን የሚያሠቃየው የእግር ዝሆኔ የሚመጣው ከአፈር ነው! በባዶ እግር ሲሄዱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ቀይ አፈር ብናኝ በቆዳ ይገባል፤ የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው ምስጢሩን በሰፊው ያጠናው፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም! እርግማንም አይደለም! ሆኖም ስንቶች ከትዳር፣ ከዕድር፣ ከትምህርት ቤት ተገልለውበታል! መከላከያው ደግሞ ጫማ፣ ውኃና ሳሙና!

በሰውነትዎ ውስጥ ረጅሙ ደም መልስ ሥር ከቁርጭምጭሚትዎ ተነስቶ በእግርዎ ውስጠኛ ጎን እስከ ብሽሽት ይዘልቃል። ይኸው ሥር ልብ ያድናል! አርጀንቲናዊው ቀዶ ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከእግር ወስዶ የተዘጋ የልብ ደም ሥር መሻገሪያ አደረገው። ሥሩን የሚሰፉት ግን ገልብጠው ነው፤ ያለዚያ እነዚያ ስስ በሮች ደሙን ያግዱታል! እግሩስ? ጥልቆቹ ሥሮች ሥራውን ተረክበው ይቀጥላሉ!