ፀሐይ ስትጠልቅ የሚቀመሰው ወይን ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ምን ያስተምራል?

ከደብረ ታቦር ተነስቶ ጋሳይንና ክምር ድንጋይን አልፎ፣ የጉናን ተራራ በስተቀኝ ትቶ ወደ ነፋስ መውጫ የሚዘልቀው መንገድ ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄድ እንግዳ የሚያልፍበት ነው። እንግዳው ነፋስ መውጫ ላይ ቢበዛ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ ይነሳል። ሳይመሽ ላሊበላ ለመግባት ስለሚቸኩል ጨጨሆን እንኳ ቆሞ አያየውም። ፀሐይዋም ከኋላው በጉና በኩል ትጠልቃለች። ወረዳው ከዚህ እንግዳ የሚያገኘው የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ብቻ ነው።

በሌላው የዓለም ጫፍ ግን ይህችኑ የመጥለቂያ ሰዓት እየሸጡ የሚኖሩ አርሶ አደሮች አሉ። የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ስፋቷ 80 ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዛሬ 3 ሺህ 600 ዓመት ገደማ በፊት በፈነዳ እሳተ ገሞራ መካከሏ ሰምጦ ባሕር የገባባት፣ ዳር ዳሩ ገደል ሆኖ የቀረ መሬት ናት። አፈሯ አመድና ጠጠር ሲሆን ወንዝ የላትም፤ ዝናቧም ጥቂት ነው። ያም ሆኖ ጎብኚው ለግማሽ ቀን የወይን ቅምሻ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዩሮ በላይ ይከፍልባታል።

ጉዞው ቀላል ነው። ከቀትር በኋላ አስጎብኚው ጥቂት እንግዶችን በአነስተኛ መኪና ይሰበስብና መጀመሪያ ወደ ወይን ማሳው ይወስዳቸዋል። አፈሩን በእጃቸው እንዲዳስሱ ያደርጋል፤ ተክሉ እንዴት እንደሚገረዝ፣ ፍሬው መቼ እንደሚለቀም ይነግራቸዋል። ቀጥሎ ወደ ሁለትና ሦስት ጠማቂዎች ይሄዳሉ። በየቦታው የሚቀዳው በጣት የሚቆጠር ጉንጭ ነው። እንግዳው መልኩን ያያል፣ ያሸታል፣ ይቀምሳል፤ ከአንዱ ማሳ የመጣውን ከሌላው ያነጻጽራል። ከደሴቲቱ የተገኘ አይብ፣ ቲማቲምና የክክ ወጥ ይቀርብለታል። መጨረሻ ላይ በገደሉ አፋፍ በተሠራ ሰገነት ተቀምጦ ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትገባ ያያል። ሲወጣም ጠርሙስ ገዝቶ ይሄዳል።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጠላ ጠማቂዋ እናት ለእንግዳ ከመቅዳቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ነው የምታቀርበው። የእኛ ሰው ቅምሻን ያውቃል። ያልተለመደው ቅምሻውን ከማሳው ታሪክ ጋር አያይዞ ለገበያ ማቅረብ ነው።

ነፋሱን ያሸነፈ ዘዴ

ሳንቶሪኒ እንደ ነፋስ መውጫ ነፋስ የማይለያት ቦታ ናት። ወይኑ እንደ ሌላው አገር በሽቦና በድጋፍ ወደ ላይ ቢወጣ ነፋሱ ይሰባብረዋል። ስለዚህ አርሶ አደሮቿ ቅርንጫፉን እየጠመዘዙ መሬት ላይ እንደ ቅርጫት ይጎነጉኑታል። ዘለላው በቅርጫቱ ውስጥ ተሸሽጎ ያድጋል። ሌሊት ከባሕር የሚነሳው ጉም ተክሉን ያረጥበዋል። አሲርቲኮ የሚባለው የደሴቲቱ ዋና የነጭ ወይን ዝርያ የሚበቅለው በዚህ መንገድ ነው።

ከ150 ዓመት በፊት የአውሮፓን ወይን የጨረሰው ሥር በል ተባይም ሳንቶሪኒን ሳይነካት አልፏል። ምክንያቱ አሸዋማው አፈር ሸክላ የሌለው መሆኑ ነው፤ ተባዩ በእንዲህ ዓይነት አፈር ውስጥ አይኖርም። ደሴተኞቹ እንደ ችግር ሊያዩት የሚችሉትን ነፋስና ድሃ አፈር ለእንግዳ የሚተረክ፣ በዋጋም የሚታሰብ ነገር አደረጉት።

ሰገነቱ የማን ነው?

ለወረዳ አመራርና ለማኅበራት ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። በገደሉ አፋፍ ላይ ካሉት ታዋቂ የቅምሻ ሰገነቶች አንዱ የአርሶ አደሮች ንብረት ነው። የሳንቶሪኒ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን እ.አ.አ በ1947 ተመሠረተ። የአባላቱን ወይን ተረክቦ ይጠምቃል፣ ያሽጋል፣ በሰገነቱ ላይ ያስቀምሳል፣ ይሸጣል። ትርፉም ወደ አባላቱ ይመለሳል።

ስሙም በሕግ የተጠበቀ ነው። ከ1971 ጀምሮ ከደሴቲቱ ውጭ የበቀለ ወይን «ሳንቶሪኒ» ተብሎ ሊሸጥ አይችልም። ፀሐይ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ከተሰጣ ወይን የሚጠመቀው ጣፋጩ ቪንሳንቶም እንዲሁ ነው፤ በርሜል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ለገበያ አይወጣም። ይህ ወይን በቀደመው ጊዜ ለቅዳሴ አገልግሎት ወደ ሩሲያ ይላክ ነበር።

ዩኒየኑ የሚሸጠው ወይን ብቻ አይደለም። ለእንግዳ የሚቀርበው ቢጫ ክክ የጓያ የቅርብ ዘመድ ከሆነ ሰብል የሚገኝ ነው። ስሙ በአውሮፓ ሕግ ተጠብቆለት ውድ በሆነ ዋጋ ይሸጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ዝርያው ከእኛ ጓያ የተለየ ነው፤ የሚበላውም ከሌላ ምግብ ጋር በጥቂቱ ነው። የእኛ ጓያ በችግር ጊዜ ለብቻው ለወራት ሲበላ እግርን ለዘለቄታው ሽባ እንደሚያደርግ አካባቢያችን በመራራ ልምድ ያውቀዋል። ስለዚህ ትምህርቱ ጓያን ብሉ የሚል አይደለም፤ የድሃ እህል ተብሎ የተናቀ ሰብል እንኳ በደንብና በስም ሲያዝ ዋጋ ሊያወጣ እንደሚችል ነው።

ወይን በደቡብ ጎንደርም ነበር

ወይን ለዞናችን እንግዳ አይደለም። በሊቦ ከምከም የሚገኙት ይፋግና ቃሮዳ በአንድ ወቅት በወይናቸው የታወቁ ነበሩ፤ የአውሮፓ ተጓዦችም ጽፈውላቸዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን የሻጋታ በሽታ ገብቶ ተክሉን ጨረሰው። ዛሬ አርሶ አደሩ ለስለት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዘቢብ ከሱቅ ይገዛል። የቅዳሴው ወይን የሚዘጋጀውም ከዚሁ ዘቢብ ነው።

በአገር ደረጃ ለማየት ወደ ባቱ መሄድ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ከፈረንሳይ ያስመጣውን የወይን ችግኝ ተክሎ እ.አ.አ በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉ ወይኖችን ለገበያ አቅርቧል። በሐሩር አገር ወይን ሲለማ ፍሬው ክረምት ላይ እንዳይደርስ የመግረዣው ጊዜ ይስተካከላል፤ ፍሬ በዝናብ ከተመታ ይሻግታልና። የይፋግም ታሪክ የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በበሽሎና በዓባይ ሸለቆ አቅጣጫ ያሉ የታች ጋይንትና የስማዳ ቆላ ቀበሌዎች ወይንን ለመሞከር ቢያስቡ ከየትም የመጣ ቁራጭ አምጥቶ መትከል አይገባም። መጀመሪያ የምርምር ተቋማት በአነስተኛ መስኖ ማሳ ላይ ዝርያውን፣ በሽታውንና የመግረዣ ወቅቱን ይፈትሹት። ወይን ደህና ምርት ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል። በሴፍቲኔት ተደግፎ የሚኖር ቤተሰብ እህል የሚያበቅልበትን ማሳ በዚህ ተስፋ ሊያስይዝ አይገባም።

ጎረቤታችን መቄት የሠራው

የፀሐይ መጥለቂያን ለእንግዳ ማቅረብ የሚቻል መሆኑን ለማየት ግሪክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከላይ ጋይንት በስተምሥራቅ ያለችው የመቄት ወረዳ ከ20 ዓመት በላይ በሆነ ልምዷ አሳይታለች። ቴስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ እንደ መቋት ማርያምና ዋጀላ ባሉ ቦታዎች አርሶ አደሮች በገደል አፋፍ ላይ የሣር ክዳን ጎጆዎችን ሠሩ። እንግዳው በእግሩ ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይጭንለታል። የአካባቢው ሰው ይመራዋል፣ ያበስልለታል። ማታ በአፋፉ ተቀምጦ ጠላውን እየቀመሰ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ወደ ገደሉ ሲወርዱና ፀሐይ ስትጠልቅ ያያል። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ነው። እንግዶቹ በአንድ ጊዜ ጥቂት ስለሆኑ ውሃውም ማገዶውም አይጨነቅም።

እኛ ምን አለን?

ደጋው ጉና አለው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ ተራራ እንደ ሳንቶሪኒ ሁሉ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው፤ አስታው፣ ጅብራውና ጓሳው፣ ከሥሩ የሚነሱት ወንዞችም ለእንግዳ የሚታዩ ናቸው። የላይ ጋይንት ጨጨሆ አፋፍ አለ። ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ሲወረድ አየሩም ሰብሉም አበባውም ይለወጣል። ለቅምሻ የሚሆነውም ከዚህ ልዩነት የሚገኘው ማር ነው። የደጋ አበባ ማርና የቆላ ግራር ማር በመልክም በሽታም በጣዕምም አይመሳሰሉም። አራት ዓይነት ማር በአራት ትንንሽ ሳህን፣ ከየት ቀበሌና ከየትኛው አበባ እንደመጣ ተነግሮ ቢቀርብ፣ ከጎኑም ትኩስ የገብስ ዳቦና አንድ ብርሌ ጠጅ ቢታከል፣ እንግዳውን ከቡናው በኋላ አንድ ሰዓት የሚያቆየው ነገር ተገኘ ማለት ነው። ማር ለመቅመስ መጠጥ የማይጠጣውም፣ የሚጾመውም ይቀመጣል።

ይህ እንዲሆን ግን በቅድሚያ የሚሠሩ ሥራዎች አሉ።

አንደኛ፣ ማሩ ንጹሕ ይሁን። ንቦቹ ያልደፈኑት ሰፈፍ አይቆረጥ፤ የማር ርጥበት ከ20 በመቶ ካለፈ ይቦካል። በጭስ ብዛት የተበላሸ ሽታ ያለው ማር ለቅምሻ አይቀርብም። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ጥፋት ሆኖ አይቀርም፤ አንድ እንግዳ ከተታለለ የወረዳው ስም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ የየቀበሌው ማር ለየብቻ ይያዝ። ከቆላና ከደጋ የመጣው በአንድ በርሜል ከተገለበጠ የሚነገር ታሪክ የለም። ማኅበሩ ሲረከብ ቀበሌውን፣ ቀኑንና አበባውን ቢመዘግብ ወጪው አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

ሦስተኛ፣ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ኬሚካል ሰብሉ ወይም አረሙ አበባ ላይ እያለ በቀን አይረጭ። ግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ማምሻውን ይረጭ፤ ጎረቤት ንብ አናቢም ቀድሞ ይነገረው። ንቡ ከሞተ ማሩም ቅምሻውም አይኖርም።

አራተኛ፣ የቤት ውስጥ አረቄ ሳይመረመርና ፈቃድ ሳይኖረው ለእንግዳ አይቅረብ። አንድ ሰው ቢታመም የሁሉም ሥራ ይቆማል።

አምስተኛ፣ ሰገነቱ የማኅበሩ ይሁን። ጥሩ እይታ ያለውን አፋፍ አንድ ባለሀብት ወስዶ አርሶ አደሩን ማር አቅራቢ ብቻ ካደረገው ትርፉ እንደ እንግዳው መኪና አልፎ ይሄዳል።

የሳንቶሪኒም መንገድ ጉድለት አላጣውም

ሁሉም ነገር እንደ ግሪኳ ደሴት ይሁን ማለት ግን አይደለም። በዚያ የቱሪስቱ ብዛት የመሬት ዋጋን አስወድዷል፤ ሆቴልና ቪላ የወይን ማሳውን እየበላው ነው። የሚገርዝና ቅርጫት የሚጎነጉን ወጣት ጠፍቷል፣ ወጣቱ ሆቴል መሥራትን ይመርጣልና። ድርቁም ምርቱን ቀንሶታል። በመርከብ የሚመጣው ሕዝብ ስለበዛ በቀን ከ8 ሺህ በላይ እንዳይገባ ገደብ አስቀምጠዋል። እ.አ.አ በ2025 መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደጋገም ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው ደሴቲቱን ለቅቆ ወጥቷል። ኑሮውን በእንግዳ ብቻ የመሠረተ ሰው እንግዳ ሲቀር ምን እንደሚገጥመው ከኮሮና ወረርሽኝና ጋይንት ድረስ ከደረሰው ጦርነት በኋላ እኛም አይተነዋል። ቅምሻ ለእርሻ ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይደለም። ማሩ እንግዳ በሌለ ጊዜም ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ገበያ ይዞ መሸጥ የሚችል መሆን አለበት።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሰላም ነው። መንገዱ ካልተከፈተ፣ እንግዳውም ሳይሰጋ ካልቆመ ሰገነት መሥራት ትርጉም የለውም። ነገር ግን መንገዱ እስኪሞላ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አይገባም። ማሩን መለየት፣ ደብተሩን መክፈት፣ ማኅበሩን ማጠናከር፣ ጉናን ከልቅ ግጦሽ መጠበቅ እንግዳ ባይኖርም የሚጠቅሙ ሥራዎች ናቸው። እነዚህ ከተሠሩ፣ ወደ ላሊበላ የሚቸኩለው መኪና ነፋስ መውጫ ላይ ሲቆም ፀሐይዋ በጉና በኩል ከመጥለቋ በፊት የሚቀመስ፣ ተይዞም የሚሄድ ነገር ያገኛል። አርሶ አደሩም ከአንድ ስኒ ቡና የበለጠ ያገኝበታል።