ልጅዎ በእንግሊዝኛ ይዘፍናል? እስቲ ጉልበቱን ያሳይዎት!

ባለፈው ፋሲካ ቤታችን እንግዳ ነበረ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ከስንት ዓመት በኋላ ከአሜሪካ መጥታ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው እየተፈላ ነው። እኔ ደግሞ አላስችል አለኝና የአራት ዓመት ልጄን መሀል ላይ አቆምኳት። "ነይ እስቲ የኔ እናት፣ ያንን የሰውነት ክፍሎች መዝሙር ለአክስትሽ ዝፈኚላት!"

አላሳፈረችኝም። ከስልኬ የለመደችውን በእንግሊዝኛ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ አንድም ሳትስት ለቀቀችው። ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። እኔም ደረቴን ነፋሁ። የአፀደ ሕፃናት ክፍያው፣ የኢንተርኔት ጥቅሉ፣ ሜዳ ላይ አልቀረም አልኩ በሆዴ።

አክስትየዋ እቅፍ አደረገቻትና "ጉልበትሽ የቱ ነው?" ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ልጄ ዝም። ደገመችላት። አሁንም ዝም። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መዝሙሩን ከመጀመሪያው ጀመረችው! ከራስ ተነስታ፣ በትከሻ አልፋ፣ ጉልበት የሚለው ጋ ስትደርስ ቀጥ አለችና እጇ ያረፈበትን አየች። እጇ ያረፈው ሆዷ ላይ ነበር። "ይኸው!" አለች፣ ሆዷን እየመታች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ ጠሩኝ። ከሳቁት ውስጥ አልነበሩም። "ስማ አንተ" አሉኝ፤ "ይቺ ልጅ ሀ ሁ ብላለች። አቡጊዳ ግን አላለችም።"

አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ። ልጅ መጀመሪያ ፊደሉን በዜማ ይይዘዋል። ከሀ ጀምሮ እስከ ፐ ይወርደዋል። ግን ዓይኑ ዛፍ ላይ ሆኖም ሊለው ይችላል። የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን ላይሆን ይችላላ! ስለዚህ የኔታ ያንኑ ፊደል ተራውን አዛብተው በአቡጊዳ ያመጡበታል። አ ቡ ጊ ዳ… የለመደው ዜማ አይደርስለትም። በስንደዶ ነካ አድርገው "ይቺ ማናት?" ሲሉት ያወቀና ያላወቀ ይለያል።

እናንተዬ! ዓመት ሙሉ ገንዘቤን የከሰከስኩት ለሀ ሁ ብቻ ኖሯል።

ይህ ጉድ የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንጆቹ የእንግሊዝኛን ፊደል የሚያስተምሩበት ዜማ በ1835 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ በባለቤትነት የተመዘገበ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ መሀል ላይ ያሉትን አራት ፊደሎች፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን እና ኦን፣ ዜማው ስለሚያጣድፋቸው "ኤለመኖ" የሚባል አንድ ፊደል አለ ብለው የሚያድጉ የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች ልጆች ሞልተዋል። በገዛ ቋንቋቸው!

ታዲያ ዘፈኑን እንተወው? በጭራሽ! ዜማ ድምፅን እንደ ሙጫ ያጣብቃል። ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም የሚጠብቃቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጆሯቸው ከአሁኑ ቢለምድ ማን ይጠላል? ጥፋቱ የዘፈኑ ሳይሆን ስልኩን ለልጅ ሰጥተን ወደ ጉዳያችን የምንሄደው የእኛ ነው። ስልኩ ሀ ሁን ያስብላል፤ አቡጊዳው የወላጅ ሥራ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፤ ለአንድ ሳምንት አንድ ዘፈን ብቻ። ዩቲዩብ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ ያስከትላልና ያንን ማጥፋት ነው። አሥር ዘፈን ካንጎራጎረች ልጅ አምስት ቃል የምታውቅ ትበልጣለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች ስክሪን ላይ ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ እንደሚሻል መክሯል።

ሁለተኛ፤ ቀስ የሚለውን ምረጡ። ቃሉ ሲጠራ ዕቃው በሥዕል የሚታይበት፣ ጥቂት ቃል የሚደጋግም ይሁን። የሚጣደፈው ዘፈን ለዳንስ እንጂ ለትምህርት አይሆንም።

ሦስተኛ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ስልኩን ዝጉትና አቡጊዳ በሉ። ከታች ወደ ላይ፣ ከመሀል ወደ ዳር ጠይቁ። እኔ የምወደው ዘዴ ሆነ ብሎ መሳሳት ነው። አፍንጫዬን ይዤ በእንግሊዝኛ "ይህ ጆሮዬ ነው" እላታለሁ። ኧረ ተዉኝ! እንዴት አድርጋ እንደምታርመኝ ብታዩ! አባቷን ማረም የመሰለ ደስታ የላትም፤ እያረመችኝ ቃሉ ገባላት።

አራተኛ፤ ቃሉን ከስክሪን አውጥታችሁ ወደ ቤት አስገቡት። ቤቢ ሻርክ የተባለው ዘፈን በጥር 2022 እ.ኤ.አ. በዩቲዩብ ላይ አሥር ቢሊዮን ጊዜ በመታየት የመጀመሪያው ሆኗል። ልጄም በቃሏ ትወጣዋለች። ባሕር በሌለው አገር የሻርክን ቤተሰብ ከነአያቱ እያወቀች በራችን ላይ የምትነዳዋን በግ በእንግሊዝኛ ምን እንደምትባል አታውቅም ነበር። አሁን ስለ አውቶቡስ የሚዘፈነውን ወደ ታክሲ ቀይረነዋል። ጎማውም፣ በሩም፣ መስታወቱም በእንግሊዝኛ አለ። ረዳቱን ግን በአማርኛ እንዲጣራ ትተነዋል! የፍራፍሬውን ዘፈን ገበያ ሄደን በሙዝና በብርቱካን እንጫወተዋለን።

አምስተኛ፤ "የእኔ እንግሊዝኛ አያምርም" ብላችሁ አትሽሹ። እኔም ያፈርኩት በዚህ ነበር። አጠራሩን ለዘፈኑ፣ ትርጉሙን ለወላጅ መተው ነው። በቋንቋችን የሌለውን፣ ምላስ በጥርስ መሀል ወጣ ተደርጎ የሚባለውን ድምፅ ብዙዎቻችን ወደ "ዝ" ወይም ወደ "ስ" እንለውጠዋለን። በዚህም ሰበብ "አፍ" ልንል "አይጥ" እንላለን። ከልጄ ጋር መስታወት ፊት ቆመን ምላሳችንን እናወጣለን። እሷ ከእኔ ቀድማ ቻለችው። ይሁና!

የመጨረሻው፤ አማርኛውን አትዝለሉ። ልጄ ቀለማትን በእንግሊዝኛ ታንበለብልና አያቷ "ቢጫው የቱ ነው?" ሲሏት ታፈጥባቸው ነበር። "ቢጫ" ምን እንደሆነ ካላወቀች የእንግሊዝኛውን በምን ላይ ልትሰቅለው ነው? ከአያቷ ጋርስ በምን ልትጫወት? አሁን ቃሉን በሁለቱም እንለዋለን፤ መጀመሪያ በእኛው።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከርመን፣ ባለፈው ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ወደቀች። እያነከሰች፣ እምባዋ እየወረደ መጣችና እግሯን ዘርግታ ጮኸች። "አባዬ፣ ኒዬ! ኒዬ ደማ!"

"ኒዬ" አለች፤ ጉልበቴ ለማለት። እንግሊዝኛውን ወስዳ አማርኛ አለበሰችው። ቁስሏን እያጠብኩ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። በረንዳ ላይ የተቀመጡት አባቴም ሰምተው ኖሯል።

"አሁን አቡጊዳ አለች" አሉ።

እናንተም ዛሬ ማታ ልጃችሁ ዘፍኖ ሲጨርስ ከማጨብጨባችሁ በፊት አንዲት ቃል ከመሀል ነጥቃችሁ ጠይቁት። ካላወቀው አትቆጡት፤ ስልኩን አስቀምጡና አብራችሁት ቁጭ በሉ።