የማርስ 8 ደቂቃ

ዮሐንስ ኬፕለር በ1600 መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፕራግ አቅራቢያ ወደነበረው የሥነ ፈለክ ሊቁ የቲኮ ብራሄ ግንብ ሲደርስ የተሰጠው ሥራ ማርስ ነበረች። አስቸጋሪ ፕላኔት ናት፤ ትፈጥናለች፣ ትዘገያለች፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ የምትመለስ ትመስላለች። ኬፕለር ግን መንገዷን በ8 ቀን አስልቼ አስረክባለሁ ብሎ ፎከረ። ዓመታት ፈጀበት። ካሰበው ሁሉ ያሰናከለው ደግሞ 8 ደቂቃ ነው።

የሰዓት ደቂቃ እንዳይመስላችሁ፤ የማዕዘን ነው። አንድ ዲግሪ ለ60 ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል ደቂቃ ይባላል። ሙሉ ጨረቃ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 30 ደቂቃ ያህል ሰማይ ትይዛለች፤ ስለዚህ ኬፕለርን ያስቸገረው ስሕተት የጨረቃን ስፋት ሩብ ያህል ነበር።

የደቂቃ ታሪክ ከሰዓት ይቀድማል። ባቢሎናውያን ቁጥርን በስድሳ በስድሳ ይጽፉ ነበር፤ 60 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5ም ለ6ም ያለ ቀሪ ስለሚከፈል ለሒሳብ ሠሪ ምቹ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ የነበረው በጥሊሞስ ይህንኑ ስልት ወስዶ ዲግሪን ለ60፣ የተገኘውንም እንደገና ለ60 ከፈለ። እሱ በግሪክኛ የጠራቸው «የመጀመሪያ ስድሳኛ»፣ «ሁለተኛ ስድሳኛ» እያለ ነው፤ ደረቅ የሒሳብ ስም። የዐረብ ሊቃውንት በጥሊሞስ ይህን የጻፈበትን የሥነ ፈለክ መጽሐፍ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዐረብኛ ሲመልሱ «አልመጀስት» የሚለው ስም ወጣለት፤ የመጀመሪያዋንም ስድሳኛ ደቂቃ አሏት፣ የረቀቀች፣ የደቀቀች ለማለት።

ይህን መጽሐፍ ፍለጋ አንድ ጣሊያናዊ አገሩን ለቆ ወጣ። የክሬሞናው ጌራርዶ ወደ ስፔኗ ቶሌዶ ሄዶ፣ ዐረብኛ ተምሮ፣ ትርጉሙን በ1175 ጨረሰ። በጠቅላላው ከሰባ በላይ መጻሕፍት ተርጉሟል። በላቲን ቤት የመጀመሪያዋ ስድሳኛ ፓርስ ሚኑታ ፕሪማ ትባላለች፦ «የመጀመሪያዋ ያነሰች ክፍል»። ሚኑታ የመጣው ሚኑዌሬ ከሚለው ግሥ ነው፤ መቀነስ፣ ማሳነስ ማለት። ቀጣይዋ ደግሞ ፓርስ ሚኑታ ሴኩንዳ ሆነች። ስም ሲረዝም ሰው መቁረጡ አይቀርምና ከፊተኛዋ ሚኑታ፣ ከኋለኛዋ ሴኩንዳ ብቻ ቀረ። እኛ ሰከንድ የምንላት እንግዲህ ስሟ «ተከታይ» ማለት ብቻ ነው፤ የምን ተከታይ እንደሆነች የሚናገረው ክፍል ተቆርጦ ወድቋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ሁሉ ሩቅ አይደለም። ደቂቃ፣ ደቀቀ፣ ደቃቅ፣ የግእዙም ደቂቅ ከአንድ ሥር ናቸው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ዕለትን ለ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን ለ60 ካልዒት፣ ከዚያም ሣልሲት፣ ራብዒት እያሉ ይከፍላሉ። ካልዒት «ሁለተኛይቱ» ናት፤ ከሴኩንዳ ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ እኅቷ። (አንድ ኬክሮስ በዛሬ ሰዓት 24 ደቂቃ ነው።) ደስ የሚለኝ ግን የኋለኛው ዘመን ነገር ነው፤ ዛሬ በጂኦግራፊ መጽሐፍ ኬክሮስ የምድር ማዕዘን መለኪያ ሆኗል። ደቂቃ ከማዕዘን ወደ ጊዜ መጣ፣ ኬክሮስ ከጊዜ ወደ ማዕዘን ሄደ።

ወደ ኬፕለር እንመለስ። ቲኮ ብራሄ ከ1576 ጀምሮ ሕቬን በምትባል፣ ያኔ የዴንማርክ በነበረች ደሴት ላይ ሰማይን ሲለካ ኖሯል። ቴሌስኮፕ ገና አልተሠራም። ሰዓቶች ነበሩት፤ አላመናቸውም፤ ፔንዱለም ያለው ሰዓት የመጣው ሃይገንስ በ1656 ሲሠራው ነው። ያመነው ግዙፍ የማዕዘን መለኪያዎቹን ነው፤ ዲግሪውን እስከ ደቂቃ ለመከፋፈል በጠርዛቸው ላይ ሰያፍ መስመሮች አሠርቶባቸዋል። ያለ መስታወት፣ በዓይን ብቻ፣ ልኬቱ ከአንድና ሁለት ደቂቃ በላይ እምብዛም አይስትም ነበር።

ቲኮ በ1601 ሞተ፣ ሰነዱ ለኬፕለር ቀረ። ኬፕለር ፀሐይ ከመሃሉ ፈንጠር ያለችበት ክብ አሰበ፤ ስሌቱን ሰባ ጊዜ ያህል ደጋገመው። ማርስ ከፀሐይ ትይዩ ስትቆም የተለኩት ቦታዎች በ2 ደቂቃ ልዩነት ገጠሙለት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ብዕሩን ባስቀመጠ! እሱ ግን ከምድር መንገድ ወደ ላይና ወደ ታች የምታዘነብልበትን ልኬት አምጥቶ ስሌቱን ፈተነው። አልሆነም። ክቡን ከዚህ ልኬት ጋር እንዲስማማ ሲያስተካክለው 8 ደቂቃ ተረፈ።

በበጥሊሞስ ዘመን ቢሆን 8 ደቂቃ ማንም አይቆጥረውም ነበር፤ የዚያ ዘመን ልኬት ራሱ በ10 ደቂቃ ሊስት ይችላል። ኬፕለር ግን የቲኮን እጅ ያውቃል። ስለዚህ ልኬቱን ሳይሆን ክቡን ጣለ፤ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የሰማይ ሁሉ ቅርጽ ነው ተብሎ የታመነውን። እንቁላል መሰል ቅርጽ ሞከረ፤ ያም አልሰመረም። በመጨረሻ ኢሊፕስ የተባለው ሞላላ ቅርጽ ሰመረለት፣ ፀሐይም ከሁለቱ ትኩረት ነጥቦቹ በአንዱ ላይ። ውጤቱ በ1609 «አስትሮኖሚያ ኖቫ» በተባለው መጽሐፉ ታተመ፤ ለዚህ ሁሉ መንገዱን የከፈቱት እነዚያ 8 ደቂቃዎች መሆናቸውንም እዚያው ጽፎታል።

የሰከንዷ ተራ በ1838 ደረሰ። ፍሪድሪክ ቤሰል ኮኒግስበርግ ላይ ሆኖ 61 ሲግኒ የተባለችው ኮከብ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር በአንድ የማዕዘን ሰከንድ ሲሶ ያህል እንደምትዛነፍ ለካ። ከዚያች መዛነፍ የአንዲት ኮከብ ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በአስተማማኝ ሁኔታ ተሰላ፤ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።