ጉንዳኖቹ ሐሰት፣ አመዱ እውነት፦ የ1954ቱ የአውሬ ፊልሞች በሳይንስ ዓይን

አንዲት ትንሽ ልጅ ራሱ የተሰበረ አሻንጉሊት በእቅፏ ይዛ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ብቻዋን ትጓዛለች። ፖሊሶች ሲያገኟት ዓይኖቿ ፈጠው ቀርተዋል፤ ስሟን ቢጠይቋት አትመልስም። ራቅ ብሎ የቤተሰቧ ተጎታች ቤት ግድግዳው ወደ ውጭ ተቦጭቆ ይገኛል። ገንዘብ አልተዘረፈም፤ መሬት ላይ የተበተነው ስኳር ነው። ቆየት ብሎ አንድ አዛውንት የነፍሳት ተመራማሪ ፎርሚክ አሲድ የያዘ ብርጭቆ ወደ አፍንጫዋ ሲያስጠጉላት ልጅቱ ከድንዛዜዋ ትባንንና አንድ ቃል ብቻ እየደጋገመች ትጮኻለች፦ «እነሱ! እነሱ!»

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1954 ለዕይታ የበቃው «ዜም!» ርዕሱን ያገኘው ከዚህ ጩኸት ነው፤ ትርጉሙም «እነሱ!» ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ጎርደን ዳግላስ፣ አዘጋጁ ዋርነር ብራዘርስ ነበር። ልጅቱን ያደነዘዟት «እነሱ» ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝሙ ጉንዳኖች ናቸው።

ይህን ፊልም ዛሬ የሚወዱት ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ቢ ፊልም» ከሚባሉት ጋር ይመድቡታል። ስያሜው የመጣው በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ተመልካች ለመሳብ በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ማሳየት በጀመሩበት ወቅት ነው። አንደኛው በታዋቂ ተዋንያን የተሠራ ትልቅ ፊልም ሲሆን፣ ሁለተኛው በጥቂት ገንዘብና በጥድፊያ የተሰናዳ ማሟያ ነበር። «ዜም!» በትክክል ከተመዘነ ከነዚህ ማሟያዎች የተሻለ ወጪ የተደረገበት ነው፤ ይሁንና ኩባንያው መጀመሪያ በቀለም ሊሠራው አስቦ በመጨረሻው ሰዓት ገንዘቡን ቆጠበ። የቀለሙ ዕቅድ ቅሪት በመክፈቻው ላይ ብቻ ይታያል፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ ርዕሱ በቀለም ብቅ ይላል። በነገራችን ላይ ጥቁርና ነጩ ሳይጠቅመው አልቀረም። በአሸዋ አውሎ ነፋስ መካከል ድምፃቸው ቀድሞ የሚሰማው ጉንዳኖች በደማቅ ቀለም ቢታዩ ኖሮ ከፀጉርና ከብረት የተሠሩ አሻንጉሊቶች መሆናቸው ወዲያውኑ በታወቀ ነበር።

ጉንዳኖቹን ማን አገዘፋቸው? ፊልሙ መልሱን ከዚያው በረሃ ያመጣዋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1945 ማለዳ፣ ትሪኒቲ የሚል የምሥጢር ስም በተሰጠው የኒው ሜክሲኮ ሥፍራ፣ የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ ተፈንድቷል። በፊልሙ ታሪክ መሠረት ከፍንዳታው የተረፈው ጨረር የጉንዳኖቹን ዘር ለወጠ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም ትውልድ በትውልድ ላይ እየተተካ አደጉ።

በሳይንስ ሚዛን ሲታይ ታሪኩ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ይወድቃል። ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ አካል ቅርጹን ሳይለውጥ ሲያድግ ክብደቱና ጥንካሬው እኩል እንደማያድጉ አስረድተው ነበር። አምስት ሚሊ ሜትር የሚረዝም ጉንዳን 500 እጥፍ ቢያድግ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል። የእግሩ ጥንካሬ የሚለካው በውፍረቱ ስለሆነ 500 በ500 ተባዝቶ 250,000 እጥፍ ይጨምራል። ክብደቱ ግን በርዝመት፣ በስፋትና በቁመት ስለሚያድግ 125 ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል። አራት ሚሊ ግራም የነበረው ነፍሳት ግማሽ ቶን ይመዝናል ማለት ነው። በእያንዳንዱ እግር ላይ የሚያርፈው ጫና ከቀድሞው 500 እጥፍ ይበልጣል። ጉንዳን ከክብደቱ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ፍርፋሪ ተሸክሞ ሲሄድ አይተን እናደንቀዋለን፤ ያን ብርታት የሰጠው ግን ትንሽነቱ ነው። የፊልሙ ጉንዳን ሰው ሊያሳድድ ይቅርና የራሱን ሆድ ከመሬት ማንሳት ባልቻለ ነበር። ዝሆን እግሩ እንደ ምሰሶ የወፈረው፣ ሚዳቋ ደግሞ በቀጫጭን እግሮቿ የምትዘለው በዚሁ ሕግ ምክንያት ነው።

አተነፋፈሱም ሌላ እንቅፋት ነው። ጉንዳን ሳንባ የለውም፤ በጎንና ጎኑ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የገባው አየር በቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ በቀጥታ ወደ ሕዋሳቱ ይደርሳል። ኦክስጅን በእንዲህ ያለ ቱቦ ውስጥ በራሱ ለመሰራጨት የሚወስድበት ጊዜ በርቀቱ ካሬ ይጨምራል፤ ርቀቱ 500 እጥፍ ሲሆን ጊዜው 250,000 እጥፍ ይሆናል። ግዙፉ ጉንዳን እግሩ ባይሰበር እንኳ ታፍኖ ይሞታል። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሜጋኒውራ የተባለ በራሪ ነፍሳት የክንፎቹ ስፋት ከ60 ሴንቲ ሜትር ያልፍ ነበር፤ ለዚህም ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ በዚያ ዘመን በአየር ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ከዛሬው 21 በመቶ እጅግ የላቀ መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ከትልቅ አሞራ አልበለጠም።

ፊልሙ ስለ ፎርሚክ አሲድም ተሳስቷል። አሲዱ ስሙን ያገኘው ከላቲኑ የጉንዳን መጠሪያ ነው፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየውም ከጉንዳኖች ነበር። ነገር ግን አሲዱን የሚረጩት የጉንዳን ወገኖች መናደፊያ የላቸውም፤ የሚናደፉት ደግሞ መርዛቸው ሌላ ነው። የሆሊዉዱ ጉንዳን ከሁለቱም ወገን የሚያስፈራውን መርጦ ወሰደ።

ጨረር ዘር ይለውጣል የሚለው ሐሳብ ግን ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። አሜሪካዊው ሐርማን ሙለር በ1927 ኤክስሬይ በፍራፍሬ ዝንቦች ላይ የሚወረስ ለውጥ እንደሚያስከትል አሳይተው በ1946 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ጨረር የዘር ቅንጣቶችን ይሰብራል፤ ሕዋሱ ሲጠግን ይሳሳታል፤ ከስሕተቶቹ አብዛኞቹ ጎጂ ናቸው። ውጤቱ ግዙፍ አካል ሳይሆን የታመመ አካል ነው፤ የደም ካንሰር፣ የታይሮይድ ዕጢ እብጠት፣ ከዓመታት በኋላ የሚገለጥ ዝምተኛ ጉዳት። ይህን በካሜራ ማሳየት ይከብዳል። ጉንዳን ግን ይታያል፤ በእሳት ወርዋሪ መሣሪያም ይገደላል።

ፊልሙ ለሕዝብ ሊቀርብ ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው፣ ማርች 1 ቀን 1954፣ አሜሪካ በማርሻል ደሴቶች ቢኪኒ በተባለው ሥፍራ «ካስል ብራቮ» የተሰኘውን የሃይድሮጅን ቦምብ ሞከረች። ሳይንቲስቶቹ የጠበቁት ስድስት ሜጋ ቶን ገደማ ነበር፤ የተገኘው 15 ሆነ። በቦምቡ ውስጥ የነበረውና በፍንዳታው አይሳተፍም ተብሎ የታሰበው የሊቲየም ዓይነት ተሳትፎ ተገኘ። የተፈጨ ኮራልና ራዲዮአክቲቭ ብናኝ ወደ ሰማይ ወጥቶ በነፋስ ተበተነ። በሮንጌላፕ ደሴት ሕፃናት ከሰማይ በወረደው ነጭ ብናኝ ተጫወቱ፤ ነዋሪዎቹ ከደሴቱ የተነሡት ሁለት ቀን ገደማ ካለፈ በኋላ ነው።

በዚያን ዕለት «ዕድለኛው ዘንዶ ቁጥር 5» የሚል ስም ያላት የጃፓን የቱና ዓሣ ማጥመጃ መርከብ ከተከለከለው ቀጣና ውጭ ነበረች። ሃያ ሦስቱ መርከበኞች በስተ ምዕራብ ፀሐይ የወጣች የሚመስል ብርሃን አዩ፤ ከሰዓታት በኋላም ነጭ አመድ በራሳቸው፣ በመረቦቻቸውና በዓሣዎቻቸው ላይ ይዘንብ ጀመር። ወደ ያይዙ ወደብ ሲመለሱ ቆዳቸው ተቃጥሎ፣ ፀጉራቸው መርገፍ ጀምሮ ነበር። የሬዲዮ ሠራተኛው አይኪቺ ኩቦያማ በሴፕቴምበር 23 በ40 ዓመታቸው አረፉ። የሞታቸው ቀጥተኛ ምክንያት ጨረሩ ነው ወይስ በሕክምናው ወቅት በተሰጣቸው ደም የመጣ የጉበት ሕመም በሚል የጃፓንና የአሜሪካ ባለሙያዎች ተከራክረዋል። ጃፓናውያን ግን ለብናኙ ስም አውጥተውለት ነበር፤ «የሞት አመድ» አሉት።

ኩቦያማ ካረፉ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 3 ቀን፣ «ጎጂራ» በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ታየ፤ ዓለም «ጎድዚላ» ብሎ የሚያውቀው ነው። የፊልሙ የመጀመሪያ ትዕይንት በባሕር ላይ ድንገተኛ ብርሃን የሚያቃጥላት መርከብ ናት። በዚያ ዓመት በአዳራሹ የተቀመጠ ጃፓናዊ ይህች የማን መርከብ እንደሆነች ማብራሪያ አላስፈለገውም። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ከጦርነት ሲመለሱ በፈራረሰችው ሂሮሺማ በኩል ያለፉ ሰው ነበሩ። በሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ ከባሕር ሥር የተነሣው አውሬያቸው ቆዳው ሸካራና የተጨማደደ ነው፤ አሠራሩ ከአቶም ቦምብ የተረፉ ሰዎችን የቃጠሎ ጠባሳ እንዲያስታውስ ተደርጓል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሃምሳ ሜትር የሚቆም አውሬ በጋሊሌዮ ሕግ መሠረት በራሱ ክብደት ይደቅቃል፤ በዚህ ረገድ ጎጂራ ከጉንዳኖቹ አይሻልም። የትዕይንት ባለሙያው ኤይጂ ጹቡራያ ግን ያንኑ የመጠን ሕግ በካሜራቸው አሳምረው ያውቁታል። አውሬው መቶ ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ልብስ የለበሰ ተዋናይ ነው፤ ሃሩዎ ናካጂማ። የሚረግጣት ቶኪዮ ደግሞ በ25 እጥፍ ያነሰች ሞዴል ናት። አንድ ሞዴል ሕንፃ ሲፈርስ ከእውነተኛው ሕንፃ ቶሎ መሬት ይደርሳል፤ ልዩነቱ የ25 ካሬ ሥር፣ ማለትም አምስት እጥፍ ነው። ፍርስራሹ በሚወድቅበት ፍጥነት ዓይናችን አሻንጉሊትነቱን ወዲያው ይለያል። ስለዚህ ካሜራው ከተለመደው 24 ምስል በሰከንድ እጅግ ፈጥኖ ይቀርጻል፤ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ፍርስራሹ ይዘገያል፣ ይከብዳልም። የአውሬውም ጩኸት ከእንስሳ ጉሮሮ የወጣ አይደለም፤ የሙዚቃ ደራሲው አኪራ ኢፉኩቤ ክሩ የላላ ደብል ቤዝ በሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት ተፈትጎ እንዲቀረጽ በማድረግ ያገኙት ድምፅ ነው።

ፊልሙ በ1956 አሜሪካ ሲደርስ ተቆራርጦ ነበር። ሬይመንድ በር የተባለው ተዋናይ ጋዜጠኛ ሆኖ የሚታይባቸው አዳዲስ ትዕይንቶች ገቡ፤ አንዲት ሴት በባቡር ውስጥ ከናጋሳኪ ስለመትረፏ የምታወራበት ንግግር ከወጡት መካከል ነው። የቀረው አውሬው ነው። ያልተቆረጠው ቅጂ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በሰፊው የታየው በ2004፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነበር። «ጎድዚላ» ለብዙ ተመልካች የልጆች ጨዋታ መስሎ የኖረው በከፊል በዚህ መቀስ ምክንያት ነው።

የ«ዜም!» ታሪክ የሚጠናቀቀው በሎስ አንጀለስ የጎርፍ ማስወገጃ ዋሻዎች ውስጥ ነው። ወታደሮች የመጨረሻዎቹን ንግሥቶች ያቃጥላሉ፤ አዛውንቱ ተመራማሪም አንዱ ፍንዳታ ይህን ካመጣ ከዚያ በኋላ የተደረጉት ሁሉ ምን እንደሚያመጡ ማንም አያውቅም ሲሉ ያስጠነቅቃሉ። በዚያን ጊዜ በእውነተኛው የትሪኒቲ ሥፍራ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ነበሩ። ቦምቡ ከመፈንዳቱ በፊት ማንም አላስጠነቀቃቸውም፤ የሚጠጡትም ብዙዎቹ ከጣራቸው የወረደውን የዝናብ ውኃ አጠራቅመው ነበር። ጉንዳን አልመጣባቸውም። በቤተሰቦቻቸው ውስጥ ካንሰር ትውልድ ተሻግሮ እንደቀጠለ ግን ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 በኑክሌር ሙከራ ለተጎዱ ሰዎች የካሳ ሕግ ሲያወጣ ከኔቫዳ የሙከራ ሥፍራ በነፋስ አቅጣጫ የነበሩትን አካተተ፤ የትሪኒቲን ጎረቤቶች ግን ተዋቸው። በኒው ሜክሲኮ የቀሩት ቤተሰቦች በሕጉ የተካተቱት ጁላይ 4 ቀን 2025 ነው፤ የፍንዳታው 80ኛ ዓመት ሊከበር 12 ቀን ሲቀረው።